ሞት መስሎኝ የኖርኩት ሁለት አመት

መጀመሪያ የመጣብኝ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ከመገናኛ ወደ ቤት ስሄድ። ልቤ ድንገት ድው ድው ማለት ጀመረ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ፣ ሰፈሬ ሳልደርስ "ወራጅ አለ!" ብዬ ወረድኩና መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ እማዬ ጋ ደወልኩ፣ መሞቴ ነው አልኳት። ማታውኑ ሆስፒታል ሄድን፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ልብሽ ጤነኛ ነው አሉኝ። እኔ ግን አላመንኩም፣ ማሽኑ ያላየው ነገር አለ ብዬ ደመደምኩ።

ከዛ ሁለት አመት ሙሉ ሁለት ጣቴ አንገቴ ላይ ነበር። ስብሰባ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ ምቴን እቆጥራለሁ። 90 ካለፈ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ 110 ይገባል፣ ያኔ "ይኸው!" እላለሁ። እማዬ ደግሞ ዓይን ነው ባይ ናት፣ በተነሳብኝ ቁጥር "ዛሬ ደሞ ማን አይቶሽ ነው?" ትለኛለች። ጠበል ወሰደችኝ። እዛ እያለሁ ቀለል ይለኛል፣ ቤት ተመልሼ ሲነሳብኝ ግን "ጠበል ያለቀቀው ምን አይነት ነገር ቢሆን ነው" የሚል ሌላ ፍርሃት ተጨመረብኝ። የልብ በሽታም አልነው ዓይን፣ በሁለቱም እኔ ቁጭ ብዬ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። (ጠበሉን እየተቃወምኩ አይደለም፣ አሁንም እሄዳለሁ፣ እዛ ያሉት አባ ራሳቸው "ልጄ መድሃኒትሽን እንዳታቋርጪ" ነው ያሉኝ።)

በኋላ አንዲት ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ሰምታኝ ስታበቃ "እስቲ አብረን ቶሎ ቶሎ እንተንፍስ፣ አንድ ደቂቃ" አለችኝ። ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ጀመርን። ደቂቃው ሳይሞላ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጣቶቼን ወረረኝ፣ ክፍሉ ዞረብኝ። "የሚመጣብሽ ይሄ ነው?" አለችኝ። አዎ፣ ራሱ ነው! "አሁን ምን አመጣው?" ትንፋሼ። ቶሎ ቶሎ ስንተነፍስ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከደማችን ይቀንሳል፣ መደንዘዙም ማዞሩም ከዛ ነው ብላ አስረዳችኝ። አለቀስኩ፣ እፎይታም ንዴትም ነበር።

ዴቪድ ክላርክ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይኮሎጂስት ይሄንን በ1986 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ ፓኒክ (እንደኔ ድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት) ያለበት ሰው ተራ የሰውነት ስሜትን የጥፋት ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል፣ ትርጉሙ ያስፈራዋል፣ ፍርሃቱ ስሜቱን ያባብሰዋል፣ እንዲህ እያለ ይሽከረከራል ነው የሚለው። ሃዋርድ ሌቨንታል የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ ማንኛውም በሽተኛ በልቡ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች አሉ ይላል፦ ምንድነው፣ ከምን መጣ፣ እስከመቼ ነው፣ ህይወቴን ምን ያደርጋታል፣ መቆጣጠር ይቻላል ወይ። እኔን የጨረሰኝ "እስከመቼ" የሚለው ነው። ዘላለሜን እንዲህ ነኝ ብዬ ስላመንኩ ስራ ለመቀየር፣ ለማግባት፣ ክፍለሀገር ለመውጣት እንኳን አላሰብኩም።

ግን ይሄን አንብባችሁ የታመመ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች "መታመምህን እመን፣ ትድናለህ" እንዳትሉ እለምናችኋለሁ። ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ከባድ የአእምሮ ህመም ላይ የተሰሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ መታመማቸውን የሚያውቁ ሰዎች የበሽታው ምልክት በትንሹ ቀለል ይልላቸዋል፣ ድብርቱ ግን ይብስባቸዋል። አይገርመኝም። እብድ የሚለውን ቃል ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ስሙን ሲቀበል ከነውርደቱ ነው የሚቀበለው። ቡታጅራ ላይ ተሰርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከአእምሮ ህሙማን ቤተሰቦች 75 በመቶው መገለል ደርሶብናል ወይም ይሰማናል ብለዋል፣ መንስኤው መንፈስ ነው ብለው የሚያምኑት ላይ ደግሞ ይብሳል። ደሞ በሽታው ራሱ ሲጠና ሰው ስለ በሽታው የሚያምነውን ያጣምማል፣ ስለዚህ የቱ የቱን እንዳመጣ መለየት ቀላል አይደለም።

ባለፈው ሳምንት እዛው መስመር ላይ ታክሲ ውስጥ መጣብኝ። እጄ ወደ አንገቴ ሲሄድ ያዝኩትና ቦርሳዬ ላይ መለስኩት። ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ እየተንቀጠቀጥኩ ከፈልኩ፣ አልወረድኩም፣ ሰፈሬ ድረስ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ቡናዋን እየቆላች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና "ስንት ደቂቃ ቆየ?" አለችኝ።