ጥላ የጠፋበት ቀን

ድሬ ላይ በሚያዝያ፣ በቀትር፣ ሰው ወደ ጥላ ይሮጣል እንጂ ጥላ ልለካ ብሎ ፀሐይ ላይ አይቆምም። እኔ ግን የ9ኛ ክፍል ልጆቼን ይዤ ወጣሁ።

ሲሚላሪቲን (የቅርጾች መመሳሰልን) ሰሌዳ ላይ ብቻ ማስተማር ሰልችቶኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። የ1 ሜትር ዱላ ታቆማለህ፣ ጥላውን ትለካለህ፣ የባንዲራውን ምሰሶ ጥላም ትለካለህ፣ የምሰሶውን ለዱላው ታካፍላለህ፣ ምሰሶው ላይ ሳትወጣ ቁመቱን ታውቃለህ። ክፍለ ጊዜዬ ጠዋት ነበር። ስብሰባ አለ ተብሎ ወደ 6 ሰዓት ተገፋ፤ እኔም ምን ችግር አለው ብዬ ዝም አልኩ።

ዱላው ቆመ። ጥላ የለም! ሥሩ ላይ ሁለት ጣት የምታክል ጥቁረት ብቻ። የምሰሶውም ከግርጌው ሲሚንቶ አልወረደም።

«ቲቸር፣ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ስንት ነው?» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኒም ዛፍ ሥር የተቀመጡት ጥበቃ ደግሞ «አቦ መምህር፣ ጥላ ከፈለጋችሁ እዚህ ነው ያለው» ብለው ጨረሱኝ።

ማታ ሳስበው አፈርኩ። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ ሚያዝያ 7 አካባቢ፣ ስትመለስ ደግሞ ነሐሴ 22 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። የጥንቱ የግሪክ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ግብፅ ውስጥ አስዋን ላይ በቀትር ጥላ መጥፋቱን ይዞ የምድርን ዙሪያ አሰላ እያልኩ በየዓመቱ የማወራው እኔው ነኝ እኮ! (እነሱ በዓመት አንዴ ነበር የሚያገኙት፣ እኛ ሁለቴ።)

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደገምነው። የዱላው ጥላ 1.09 ሜትር፣ የምሰሶው 8.70 ሜትር፤ ምሰሶው 8 ሜትር ገደማ ሆነ። አንዱ ቡድን ግን 9 ሜትር ይዞ መጣ። ስሌታቸውን ሁለቴ አየሁት፣ ልክ ነው። ለካ የምሰሶውን ከለኩ በኋላ ሜትሩን ማን ይያዝ በሚል ሩብ ሰዓት ተጨቃጭቀው ነው ወደ ዱላው የሄዱት፤ እስከዚያ የዱላው ጥላ 96 ሳንቲሜትር ገብቷል። አሁን ሁለት መለኪያ ሜትር ይዘን እንወጣለን፣ «በሉ!» ስል ሁለቱም እኩል ይለካሉ። ፔሬዴ ሲገፋም ዝም አልልም።

ክረምት ላይ፣ ነሐሴ 22 ቀን፣ ያ «ዜሮ ለዜሮ» ያለኝ ልጅ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። ግቢያቸው ውስጥ የቆመ የመጥረጊያ እንጨት ነው፤ ጥላ የለውም። ከሥሩ «ቲቸር፣ ተመልሳ መጣች» ይላል።