ቡናው ትንሽ ይቆይ፦ ከጾም ገበታ ብረት ለማግኘት

«ጤፍ እየበላን የደም ማነስ ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ጤፍ በብረት (በአይረን) የታወቀ እህል መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በምርመራ ከሚገኝበት ብረት ቀላል የማይባለው በአውድማ ላይ በከብት ሲወቃ የሚቀላቀለው የአፈር ብረት ነው፤ ይህን ደግሞ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም።

የእህሉንም የራሱን ብረት ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካና ሲኮመጥጥ ፋይቴቱ እየተሰባበረ ብረቱ ይለቀቃል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን በእርሾ የቦካ ሊጥና በቤኪንግ ፓውደር በአንድ ሌሊት የደረሰ ሊጥ አንድ አይደሉም። እንጀራው ዓይን አወጣ ብሎ መታለል ነው! ዓይኑን የሚያወጣው ጋዝ ነው፤ ፋይቴቱን የሚፈታው ጊዜ ነው።

ጥራጥሬም እንዲሁ ነው። ሽንብራና ባቄላ ማታ ተዘፍዝፎ ጠዋት ውኃው ይደፋ። ከዚያም የሚሻለው በቆልት ነው፦ 12 ሰዓት ያህል ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሁለት ቀን ማቆየት፤ ጠዋትና ማታ ማለቅለቅ። ውኃ ካቆረ ይልጋል፣ ይሸታል፤ ያኔ መጣል እንጂ አጥቦ ማዳን የለም። ጥሩ የበቀለውም ሳይቀቀል አይበላ።

ቀጥሎ ቫይታሚን ሲ። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ከሚያግዙት ሁሉ በቅርብ የሚገኘው እሱ ነው፤ ግን ከዚያው ማዕድ ላይ መኖር አለበት። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለምሳው ሽሮ ብዙም አይረዳም። ሙቀት ስለሚያጠፋው ሎሚው ምስር ወጡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይጨመቅ። ጥሬ ቃሪያም ከሎሚ አያንስም፤ ስንጉን ለጌጥ አድርጎ ሳህን ዳር መተው ያሳዝናል። ጎመን ሲቀቀልም ውኃው አይደፋ፣ ቫይታሚኑ ተያይዞ ይሄዳልና።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ታኒንና መሰሎቹ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፤ ሻይ ከቡናም ይብሳል። ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣ ቡና አይጎዳም። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣ ያህል እንደሚከለክል በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ከምሳ በኋላ የሚፈላው ቡና ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ወይም ከምሳ በፊት ይቅደም። ይህ የሚያሳስበው በተለይ ነፍሰ ጡሮችን፣ የወር አበባ የሚበዛባቸውንና ሕፃናትን ነው፤ ለልጅ ቁርስ ሻይ በዳቦ ማቅረብ በጣም መጥፎው ልማድ ይመስለኛል። የብረት እንክብል የሚወስዱም በውኃ እንጂ በሻይ ወይም በወተት አይዋጡት።

ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠርና የዐይን ሽፋን ውስጡ መንጣት ካለ ግን ምግብ ከማስተካከል በፊት የደምና የሰገራ ምርመራ ይደረግ። መንጠቆ ትል ወይም ሌላ የተደበቀ ደም መፍሰስ ካለ ሎሚና በቆልት አይደርሱበትም።