መብራት ሲሄድ ቧንቧ ውስጥ ነበርኩ

የደሴ ብርድ ሲብስ መድኃኒቱ ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላለች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ ላይ ተንጣልላለች። የሐረጎን ተራራ እየተጠማዘዝክ ስትወርድ መጀመሪያ ጋቢህን፣ ቀጥሎ ሹራብህን፣ ታች ስትደርስ ደግሞ ኩራትህን ታወልቃለህ። ስለ ኩራቱ እመጣበታለሁ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ የእህቴ ልጆች ማሙሽና ሚጣ ቤቱን አናውጠውታል። «ውሃ ያለበት መዝናኛ ውሰደን!» ነው ነገሩ ሁሉ። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ለጨዋታ ብቻ የሚፈስ ውሃ አለ ሲባሉ ተረት መስሏቸዋል። አክስቴም «እኔም አየር ልቀይር» አሉ። አክስቴ አየር ሲቀይሩ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና አራት ሲኒ ይይዛሉ። ቡና የምንጠጣው ግን እሳቸውና እኔ ብቻ ነን።

«አራት ሲኒ ለምን?» አልኳቸው።

«እንግዳ ቢመጣስ?»

ሚኒባስ ውስጥ ነን እኮ።

የመዝናኛዋን ስም አልጠራም። ትንሽ ናት። ዥዋዥዌ አለ። እርስ በርስ የሚጋጩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሉ። ሰው ጭኖ የሚሽከረከር ትልቅ ጎማ አለ። ከጎኑ ዋና ገንዳውና የውሃ ሸርተቴው። ትልቅ ጎማ ስላችሁ ግን እንዳትደነግጡ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 ጆርጅ ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ ቺካጎ ላይ ያቆመው የመጀመሪያው ጎማ 80 ሜትር ያህል ቁመት ነበረው። የኛውን ግን አጠገቡ ያለው ባሕር ዛፍ ቁልቁል ነው የሚያየው።

ልጆቹ ወደ መኪኖቹ ሮጡ። እነዚህ መኪኖች ኋላቸው ላይ በቆመ ዘንግ ከጣሪያው መረብ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፣ በብረቱ ወለል በኩል ይመልሳሉ። ለማሙሽ ይህንን ላስረዳው ብሞክርም መሪ ከያዘ አይሰማም። የሐረጎን ሹፌሮች እያየ ያደገ ልጅ ነው። መኪናው ጥሩምባ እንደሌለው ሲያውቅ በአፉ ይነፋ ጀመር።

አክስቴ ጎማውን መረጡ። ጎማው ላይ ሰው የሚያሳፍረው ልጅ እንደመጣህ አያስቀምጥህም። አንዱ ወገን ብቻ ከከበደ አዟዟሩ ስለሚበላሽ፣ ትይዩ ያሉትን ወንበሮች በክብደት ያመጣጥናል። ሚዛን የለውም፣ በዓይኑ ነው። ከእግር እስከ ራስ ያይህና «አንተ እዚህ፣ አንቺ እዚያ» ይላል። ባቲ ገበያ በሬ ቢነግድ አንድም ኪሎ አይሸወድም። እኔን አየኝ። ደግሞ አየኝ።

«ጋሼ፣ ላንተ አቻ እስካገኝ ትንሽ ጠብቅ» አለ ድምፁን ሳይቀንስ።

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

አክስቴን ግን ነጠላ ከለበሱ አንዲት የሐይቅ ከተማ ሴት ጋር ወዲያው አስቀመጣቸው። ዘንቢሉን ታች እንዲተዉት ቢለምናቸው «መድኃኒቴ ነው» አሉት። ፔርሙዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ቡና መድኃኒት አይደለም ብሎ የሚሟገት ሰው ወሎ ውስጥ ከየት ይመጣል?

እኔ አቻዬን ከምጠብቅ ብዬ ወደ ሸርተቴው ሄድኩ። ከፋይበርግላስ የተሠራ ሰማያዊ ቧንቧ ነው። ሲጀምር ዝግ ነው፣ መሐል ላይ ሲታጠፍ ጣሪያው ይከፈታል። ታች ያለው ፓምፕ ውሃውን እየገፋ አናቱ ላይ ይለቀዋል። የሚያንሸራትትህ ያ ስስ ውሃ ነው እንጂ ቁልቁለቱ ብቻ አይደለም። ይቺን ልብ በሉልኝ። በጂንስ መውረድ ክልክል ነው፣ ዚፑና ቁልፉ ቧንቧውን ይቧጭረዋል። የዋና ቁምጣ ስላልነበረኝ አከራዩኝ። ትልቁ ቁጥራቸው፣ ማሙሽ ታላቅ ወንድም ቢኖረው ኖሮ ልክ ለሱ ይሆን ነበር። ትንፋሼን ውጬ ለበስኩት።

ከላይ የቆመችው ልጅ መመሪያ ሰጠችኝ። «በጀርባዎ ይተኙ። እግርዎን ያቆላልፉ። እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጥፉ።» ለፍትሐት እንደሚገነዝ ሰው አስተካክላ አጋደመችኝ። በስመአብም ቢስሚላሂም አልኩ። የኛ ቤት ሁለቱም ስላለ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መዝለል ያስቀይማል።

ሄድኩ። መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይላል። ከዚያ ሙዚቃው ጠፋ። ቀጥሎ የፓምፑ ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ ውሃው ከሥሬ ሾልኮ ጥሎኝ ሄደ። እርጥብ ጀርባ ውሃ የሸሸው ፋይበርግላስ ላይ «ጭርርርት» ይላል። ከዚያ ይጣበቃል። መታጠፊያው ላይ ቀረሁ። ራሴ ጨለማ ውስጥ፣ ከወገቤ በታች ፀሐይ ላይ።

«ሄደ!» የሚል ጩኸት ከታች ተሰማ። ሰው መብራት ሲሄድም ሲመጣም ለምን እንደሚጮህ እስካሁን አልገባኝም። መኪኖቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። ማሙሽ ብቻ በአፉ ጥሩምባ እየነፋ ቀጥሏል። ጎማውም ቆመ። አናቱ ላይ ማን ቢቀር ጥሩ ነው? አክስቴ።

«ያ አላህ!» አሉ አክስቴ።

«እመብርሃን!» አሉ ሴትዮዋ።

ዱዓውና ጸሎቱ ለትንሽ ጊዜ ተደባልቆ ወረደ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሲኒ ሲንቃጨል ሰማሁ። ወላሂ! እዚያ ላይ ሆነው ቡና ጀባ ተባባሉ።

ከግቢው ሁሉ እኔን አጥርቶ የሚያሳየው ቦታ የጎማው አናት መሆኑን ያወቅኩት ቀጥሎ ነው።

«ያ ተጋድሞ የሚታየው ምንድነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ አክስቴ። ፉት አሉና «መሐንዲስ ነው» ጨመሩበት።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።

«አግብቷል?»

«ኧረ ምን አግብቶ! ጨዋ ልጅ ነው። ይኸው ያዩታል፣ አይንቀሳቀስም።»

«የት ነው የሚኖር?»

«ቧንቧ ውሃ።»

«እሱማ ይታየኛል። ቤቱን ነው ያልኩ።»

አክስቴ በስንት መከራ የደሴውን ሰፈር ማለታቸው እንደሆነ አስረዱ።

ጄኔሬተር አለ፣ ናፍጣ የለም። ናፍጣ የሚያመጣው ልጅ በባጃጅ ሄዷል። እስከዚያ ሠራተኞቹ ጎማውን በእጅ እየገፉ ሰው ያወርዱ ጀመር። የዚያ ባለ ዓይኑ ሚዛን ሙያ ያኔ ታየ። ክብደቱ ልክ ስለነበር ለሁለት ወጣት አልከበደም። ተራው ወደ አክስቴ ሲጠጋ ግን ከላይ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እኛ አልቸኮልንም! ልጁን አስቀድሙልኝ!»

ታች የቆመው ሰው «የእናት አንጀት!» ብሎ መረቃቸው። እኔ ግን እየሰማሁ ነው። ጥሎሽ ላይ ደርሰው ነበር።

ራሴን ልግፋ ብዬ ወገቤን ሳነሳ ቁምጣው «ጠርርር» አለ። ተውኩት። በመጨረሻ ሠራተኞቹ ብልሃት አገኙ፤ ጀሪካን። ከገንዳው እየቀዱ ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀባበሉ። ሚጣ ሳትቀር ባለ አምስት ሊትሯን ይዛ ተሰልፋለች። «አብሽር ጋሼ!» ብለው ለቀቁብኝ። ግማሹ አፍንጫዬ ገባ፣ በግማሹ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተትኩ። ጭብጨባ። ሌላ ጀሪካን። ሌላ ክንድ።

በዚህ አያያዝ ለመግሪብ ሶላት ታች እደርሳለሁ እያልኩ ሳሰላ አክስቴና ሴትዮዋ ወርደው ገንዳው ዳር ቆሙ። ሴትዮዋ ስልካቸውን ደግነዋል። ለልጃቸው የሚልኩት ፎቶ መሆኑ ነው።

መብራት የመጣው ይሄኔ ነው። ሙዚቃው ካቆመበት ቀጠለ። ማሙሽ ፊቱ ያለውን መኪና ገጨ። ፓምፑ አጉረመረመና ውሃው ከኋላዬ መጥቶ እንዳለ አነሳኝ። ከቧንቧው ተወርውሬ ስወጣ ማዕበሉ የሁለቱንም ሴቶች ነጠላ አጥቦ ተመለሰ። የተቀደደው ቁምጣ ትንሽ ዘግይቶ ለብቻው ተንሸራቶ መጣ። ከሥር የውስጥ ሱሪ ባይኖር ኖሮ ይህንን አልጽፍም ነበር። ቢሆንም እስከ አንገቴ ውሃ ውስጥ ተቀመጥኩ።

የሴትዮዋ ስልክ «ቀጭ» ብሏል።

ከዚያ የቁምጣውን ዋጋ ክፈል ተባልኩ። አክስቴ «ግማሹን መንገድ በጀሪካን አውርዳችሁት!» ብለው ተከራክረው በቆሎና በዳቦ አስማሙን። የተረፈውን ቡና የቁምጣ አከራዩ ጠጣው፤ አራተኛዋ ሲኒም ሥራ አገኘች።

ሐረጎን ስንወጣ የአክስቴ ስልክ ጮኸ። ሴትዮዋ ናቸው። ልጅቷ ፎቶውን አይታ እስካሁን እየሳቀች ነው አሉ። ደግሞ «ሌላ ፎቶ የለውም ወይ?» ብላለች።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ቪዲዮ አለ» አለች ሚጣ። ሸርተቴው ላይ ስወጣ ስልኬን ያስያዝኩት ለሷ ነው። «ከጭርርርቱ ጀምሮ።»

«ላኪላት የኔ እናት» አሉ አክስቴ።