ማታ ማታ የሚጥለው አርሲዲ፦ የብሬከር ሳጥን ቅየራዬ እስካሁን

ከትናንት ወዲያ ማታ እማዬ እስከመጨረሻው ጋገረች፤ አርሲዲው (የወጣውና የተመለሰው ጅረት ሲለያይ ኃይሉን የሚቆርጠው መከላከያ) አንዴም አልጣለም፣ ማለትም አልቆረጠም። ለመጻፍ የበቃሁት ለዚህ ነው።

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ግንፍሌ ነው፣ የድሮ የጭቃ ቤት፤ ማድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለብቻው። የነበረው ከበሩ በላይ ጣውላ ላይ የተመታ የሸክላ ፊውዝ ነው። በተቃጠለ ቁጥር ከገመድ የተመዘዘ የመዳብ ክር ስለሚታሰርበት ፊውዝነቱ ከቀረ ቆይቷል። አዲሱን ከመግቢያው በር አጠገብ ዓይን ትይዩ አደረግነው፦ በጨለማ በርጩማ ሳይፈለግ እንዲደረስበት፣ ከማድ ቤት እንፋሎትና ከመታጠቢያው ግድግዳ እንዲርቅ። የጭቃ ግድግዳ ተቦርቡሮ ሳጥን አይቀበርበትም፤ ጣውላ ላይ የሚለጠፈውን ውሰዱ።

መርካቶ ስትሄዱ «ለመኖሪያ ቤት ባለ 12 ቦታ ሳጥን ይበቃል» ይሏችኋል። ቁጠሩት። ዋናው ማጥፊያ 2 ቦታ ይይዛል፣ ሁለት አርሲዲ 4፤ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የማድ ቤት ሶኬት፣ የቤት ሶኬትና መብራት ሲጨመሩ 12ቱ አለቀ። እኔ ባለ 18 ገዛሁ። የምጣዱ ብሬከር ላይም አትቆጥቡ፦ 3500 ዋት ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው፤ ባለ 16 ብሬከር ጫፉ ላይ እየሠራ ይግላል። በዚያ ላይ የቤት ብሬከር የሚመረትበት ዓለም አቀፉ የአይኢሲ 60898 ደረጃ እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ የተጻፈ ነው፤ አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፣ አየሩም ስለሚሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ባለ 20 አድርጋችሁ ገመዱን 4 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሳቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። አርሲዲ ሁለት ያደረግነው ማድ ቤቱ ሲጥል ቤቱ እንዳይጨልም ነበር። ገና ከመጀመሪያው ማታ እማዬ ለመጋገር ወጣ ስትል ድርግም። አንዴ የማድ ቤቱ፣ አንዴ የቤቱ፣ አንዳንዴ ሁለቱም። ኤሌክትሪሻኑ ሳያመነታ «እትዬ፣ ምጣዱ ነው፣ እርጥበት ገብቶበታል» አለ። ያለ ነገር ነው፤ ሸክላው እርጥበት ሲስብ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው ያፈሳል። በሜገር (ጅረት ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሚለየው መለኪያ) ለካነው፤ ምጣዱ ደህና ነው። ከዚያ የመጣው ሐሳብ «አርሲዲውን አውጥተን በቀጥታ እናገናኘው» የሚል ነበር። በዚህ አልደራደርም። ተራ ብሬከር የሚጠብቀው ገመድን ነው፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ጅረት ለባለ 20 ብሬከር ምኑም አይደለም።

ፍንጩ የመጣው ከእማዬ ነው፦ «ቀን ስጋግርማ ጥሎብኝ አያውቅም!»

ማታ ብቻ የሚበራው ምንድን ነው? የግቢው አምፖል። ከቤቱ በር ይበራል፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ይጠፋል። ምጣዱን ነቅለን አምፖሉን ብቻ አበራነው፤ ጣለ። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ስናደርግለት አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ይጥላል፤ የድሮውን 60 ዋት ስናስገባ ወዲያው። ይህም ትርጉም ነበረው፦ 5 ዋት ወደ 23 ሚሊአምፔር ነው፣ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ደግሞ ከ15 እስከ 30 ባለው መካከል የትም ሊጥል ይችላል።

ቀጥሎ ያደረግነውን ሁላችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ መክደኛ እንኳ አያስከፍትም። የማድ ቤቱን አርሲዲ አጥፍተን አምፖሉን አበራን። መብራቱ በቤቱ ብሬከር ስር ነው፣ ግን አልበራም፣ የቤቱም አርሲዲ አልጣለም። ስለዚህ ፌዙ (ኃይል አምጪው ገመድ) ከቤት፣ ኒውትራሉ (መላሹ ገመድ) ከማድ ቤት ነው! ድሮ የሠራው ሰው የቀረበውን ኒውትራል ይዞ ነበር። በፊውዝ ዘመን ኒውትራሉ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚገናኝ ማንንም አላስቸገረም። አርሲዲ ግን የወጣውንና የተመለሰውን ያመሳክራል፤ የቤቱ የላከው አልተመለሰለትም፣ ለማድ ቤቱ ያልላከው መጣበት። ማን ቀድሞ እንደሚጥል ዕድል ነው። አዲስ 1.5 ካሬ ኒውትራል ከቤቱ ተሳበ፤ አለቀ።

ምክሬ፦ አሮጌ ቤት ውስጥ ሁለት አርሲዲ ከማስገባታችሁ በፊት እያንዳንዱ መብራት ኒውትራሉን ከየት እንደሚያገኝ እወቁ። ይህን ሁሉ የማወራው እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኃይል ያለበት ሳጥን ውስጥ እጄን አስገብቼ አላውቅም፤ ማሰሩንም መፍታቱንም ባለሙያው ነው የሠራው። ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም ከቆጣሪ የሚመጣው ገመድ ኃይል አለበት።

የቀረኝ ግራውንዱ (ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) ነው። ዘንጉ ተቀብሯል፣ አልተለካም። አርሲዲው ላይ ያለችውን የመፈተሻ ቁልፍ ተጭነው «ግራውንዱ ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ እሷ የምትፈትሸው አርሲዲውን ራሱን ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ አፈሩ ሲረጥብ ደግሞ ልኬቱ ከእውነቱ አሳምሮ ያሳያል፤ በጋው ሳያልቅ መለካት እፈልጋለሁ። የግራውንድ መለኪያ የሚያከራይ የምታውቁ ጠቁሙኝ።