ካሜራውን ያጠፋን ጊዜ

እናቴ በጠና ታማ አልጋ ላይ በዋለችባቸው የመጨረሻ ሁለት ወራት እኔ ከአጠገቧ አልነበርኩም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዬ ገና ውሳኔ ስላላገኘ፣ ከምኖርበት አገር ከወጣሁ መመለሻ አልነበረኝም። በየአገሩ የተበተንነው አራት ልጆቿ በዋትስአፕ ተሰባስበን፣ እያንዳንዳችን ከሥራ ስንወጣ በቪዲዮ እንደውልላት ነበር። የሰዓት ልዩነቱ ሲደማመር እናታችን በቀን አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም በእኩለ ሌሊት፣ ከእንቅልፏ እንደምትቀሰቀስ ማናችንም ልብ አላልንም።

ነገሩን ያስረዳችኝ አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቴ ናት። «ስትደውሉ ‹ቀና አድርጊኝ፣ ፀጉሬን አስተካክዪልኝ› ትለኛለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ግን ለሰዓታት ቃል አይወጣትም» አለችኝ። ለካስ የታመመችው እናታችን እኛን ለማጽናናት ስትደክም ኖራለች።

እኔ ደግሞ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው፤ ልጆቻቸው ሩቅ ላሉ አዛውንቶች ታብሌት የምይዝላቸው እኔ ነኝ። የማዳመጫ መሣሪያቸው ሲያፏጭ፣ ምስሉ ድርቅ ሲል፣ ካሜራው ከስክሪኑ በላይ በመሆኑ ዓይን ለዓይን መተያየት ሳይቻል ሲቀር፣ በሽተኛው ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ሲሳቀቅ ስንቴ አይቻለሁ። በሰው እናት ያየሁትን በራሴ እናት ሳላይ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን አጠፋነው። እያንዳንዳችን ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ መልእክት እንልካለን፤ እህቴም እናታችን ራሷ ስትነቃ ጠብቃ በጆሮዋ አጠገብ ታሰማታለች፤ መልስ የሚጠብቅባት የለም። በ2020 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት፣ ሊሞቱ ሰዓታት ብቻ የቀሯቸውና ለምንም ነገር ምላሽ የማይሰጡ የሆስፒስ (በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማን የሚረዱበት ተቋም) ታካሚዎች የአንጎል ሞገድ ሲለካ፣ አንዳንዶቹ ለድምፅ ለውጥ እንደ ጤነኛ ሰው ምላሽ ማሳየታቸውን ዘግቧል። የሰሙትን ይረዱ እንደሆነ ጥናቱ አላረጋገጠም፤ ለእኛ ግን እስከ መጨረሻው መላካችንን እንዳናቆም በቂ ምክንያት ሆነን።

እህቴም ትንሽ አረፍ አለች፤ መድኃኒቱም፣ መገላበጡም፣ ስልኩም በእሷ እጅ ነበርና። የዓለም ጤና ድርጅት ማስታገሻ እንክብካቤ፣ ማለትም በከባድ ሕመም ላይ ያለን ሰው ሥቃይ የሚያቀል እርዳታ፣ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል፤ የቀረው ሸክም የሚወድቀው እንደ እሷ ባሉ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው፤ እኛም በጥሪያችን ብዛት ሌላ ሥራ ጨምረንባት ኖረናል።

መጀመሪያ የላክኋቸው መልእክቶች የስንብት ንግግር የሚመስሉ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ያነበብኳቸው ነበሩ። እህቴ «እንደ ድሮው አውሪያት» ብላ ቆጣችኝ። ስለዚህ ስለ አየሩ፣ ስለ አውቶቡሱ መዘግየት አወራት ጀመር። የመጨረሻው መልእክቴ ልጄ ጫማውን በግራና በቀኝ አዟዙሮ አድርጎ አልቀይርም ብሎ እንዳስቸገረኝ የሚተርክ ነው፤ እህቴ ሁለት ጊዜ እንዳሰማቻት ነግራኛለች።