መኪናዬን አቁሜ ሚኒባስ ስጀምር ማንም ያልነገረኝ

መኪናዬን ካቆምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ ለሥራ የምመላለሰው በሚኒባስ ነው፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ያስቆመኝ ቤንዚን ነው። በ2014 ክረምት የቤት መኪና ከነዳጅ ድጎማ መውጣት ሲጀምር ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ፤ በ2017 ከ100 ብር አለፈ። እሱም ከተገኘ ነው። ማደያ ተሰልፌ ከሥራ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።

ጠዋቱ ቀላል ነው። ከ1 ሰዓት በፊት መውጣት፣ ዝርዝር ብር መያዝ፣ «ወራጅ አለ» ማለት፣ በቃ።

ያቃጠለኝ ማታው ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ፒያሳ ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜያለሁ። ተራ አስከባሪ የሚባል የለም። አንድ ሚኒባስ መጣ፣ ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ!» ሲል ተጋፍተን ገባን፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን። አጠገቤ ከሆስፒታል የሚመለሱ እናት ነበሩ። የራጅ ፊልማቸው እንዳይታጠፍ በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። መንገድ ላይ ማራኪ ስንደርስ፣ አዘዞ ሳንገባ፣ መኪናው ቆመ። «እዚህ ነው የምንጨርሰው፣ ሌላ ያዙ» አለ ረዳቱ። የአዘዞን ሙሉ ሒሳብ ግን ገና ፒያሳ ሳንለቅ ሰብስቦታል። እናትየዋ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሌላ ብር የለኝም» አሉት። ዞሮም አላያቸው። በኋላ ባጃጅ በኮንትራት ይዤ አብረን ሄድን።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ትራንስፖርት ቢሮ ልከስ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ «መስመር ሲቆራረጥብዎ ያመልክቱ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚያው ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ደረሰኝ አምጣ አለኝ። የትኛው ሚኒባስ ነው ደረሰኝ የሚቆርጠው? ታርጋውስ ሲለኝ አልያዝኩትም። «እንግዲህ ያለ ታርጋ ምን እናድርግ?» ብሎ ስልኩን መነካካት ቀጠለ። እስከዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። በራሴ ግን የበለጠ እናደዳለሁ። አንዲት ፎቶ ባነሳ ኖሮ ለእኚያ እናት የሚናገርላቸው ሰው ይኖር ነበር።

ስለዚህ አመልክቱ ሲሏችሁ የሥራ ቀናችሁን አታቃጥሉ። ነገሩ ማለቅ ያለበት እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ታርጋውን ፎቶ አንሱ። መጨረሻው የት እንደሆነ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠይቁ። ዋናው ደግሞ መድረሻችሁ ሳትደርሱ ሒሳብ አትስጡ፤ ረዳቱ ይጮሃል፣ ይጩህ። ከቻላችሁ ከ12 ሰዓት በፊት ተሳፈሩ። መኪናችሁንም ቸኩላችሁ አትሽጡ፤ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ሌሊት ሲነሳበት ሚኒባስ የለም። በሳምንት አንዴ አስነሷት፣ አለበለዚያ ባትሪው ይሞታል።

ባለፈው ሳምንት ማታ ማራኪ ላይ ያው ነገር መጣ። «እዚህ ነው የምንጨርሰው» ተባለ። ማንም አልከፈለም ነበር፣ ማንም አልወረደም። ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ «አዘዞ ብለህ ነው የጠራኸን» አለችው። ሹፌሩ ትንሽ አጉረመረመና ማርሽ አስገባ። አዘዞ ወርደን ከፈልን።