«ደቻቱ ዛሬ በጎል ይሞላል»

ልጁ ጎበዝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምለው በኋላ በተጻፈበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ አንድም ቦታ ስላልተጠቀሰ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጡት የድሬዳዋው ክለባችን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ነፍስ እንዲዘራ ብለው ነው። እሱ ሳይመጣ የሚወጣው «ክለባችን በዛሬው ዕለት ከተጋጣሚው ጋር ያደረገውን ጨዋታ ያለ ግብ በአቻ ውጤት አጠናቋል» ዓይነት ነገር ብቻ ነበር። ደጋፊው ይህን የሚያነበው ከስታዲየም ወጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተጨቃጭቆ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

በመጣ ሰሞን በገዛ ሜዳችን እየተሸነፍን ጥላ ፎቁ ላይ ያለው ደጋፊ ስድቡን ያወርደው ነበር። ልጁ ምን አደረገ? በመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ኢትዮጵያን የወከለውን የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን የድሮ ፎቶ ፈልጎ አወጣና ከሥሩ «ያኔ ጥጡ ሜዳ ውስጥ ነበር። ዘንድሮ ጥጡ ለጆሯችን ነው» ብሎ ጻፈ። ሲሳደብ የሰነበተው ሰው ራሱ እየሳቀ ተቀባበለው። ቀልዱ የመታው እኛኑ ነው፣ የጥጥ ፋብሪካውን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፣ ስድቡም መሰማቱን ተናግሯል፤ ግን አልለመነም፣ አላኮረፈም። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ መስመር በገጹ ላይ አላየሁም።

የጨዋታ ቀን ግን በአንድ ጥሩ መስመር አይዘለቅም። 9 ሰዓት ለሚጀመር ጨዋታ የጨዋታ ቀን ካርዱ፣ ጨዋታውን የሚያስተዋውቀው ምስል፣ አስቀድሞ ይወጣል። 8 ሰዓት ገደማ ዝርዝሩ ተፈርሞ ሲመጣ 11ዱ ቋሚዎችና ተጠባባቂዎቹ ይለጠፋሉ፤ ከዚያ ጎል፣ ካርድ፣ ቅያሪ፣ ዕረፍት፣ ውጤት። የውጤቱ ጽሑፍ ኳሱ ሳይጀመር በሦስት ተዘጋጅቶ ይቀመጣል፦ ለድል፣ ለአቻ፣ ለሽንፈት። መጀመሪያ የሚጻፈው የሽንፈቱ ነው፤ ተሸንፎ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ዳኛ ይነካል። ዳኛ የነካ መስመር ደግሞ ማታውኑ ቢጠፋም ታትሞ በክስ ፋይል ተመልሶ ይመጣል።

ቀልድ የሚገባው የጨዋታ ቀን ካርዱ ላይና በዕረፍት ሰዓት ነው። ቀይ ካርድ ላይ አይገባም። ጉዳት ላይማ ጭራሽ አይነሳም። «ተጎድቶ ወጥቷል፣ በምትኩ እገሌ ገብቷል» ይባላል፣ እዚያው ላይ ያበቃል። «ጉልበቱ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ መገመት እንኳን ነውር ነው፤ ሐኪሙ ገና ሳያየው እናቱ ስልኳን ይዛ እያነበበች ነው። ከድል በኋላም ቢሆን ስለ ራስ ኳስ ይሳቃል እንጂ በተሸናፊው አይሳቅም፤ የመልሱ ጨዋታ አለ፣ የዛሬው መስመርህም ያኔ ፎቶ ተነስቶ ይጠብቅሃል።

ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ቀልድም የራሱ መዘዝ አለው። የእንግሊዙ ብሪስቶል ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ተጫዋቾቹን አስቀድሞ እያስቀለደ ቀርጾ ጎል በገባ ቁጥር የአግቢውን ቪዲዮ ይለቅ ነበር፤ ብዙ ሰው ወደደለት። ልጁም የእኛን ተጫዋቾች አንድ በአንድ አስጨፍሮ ቀረጸ። ያልታሰበው ነገር 4 ለ 0 እየተመራህ በመጨረሻዋ ደቂቃ የምትገባዋ ጎል ናት። አግቢው ሜዳ ላይ አንገቱን ደፍቶ ኳሷን ይዞ ወደ መሀል ይሮጣል፣ ገጹ ላይ እስክስታ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲዘጋጅ መቼ እንደማይለቀቅ አብሮ ካልተጻፈ ባይቀረጽ ይሻላል።

የተጋጣሚ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ሀዲያ ሆሳዕና ነብሮቹ ናቸው፣ አርባ ምንጮች አዞዎቹ፣ ወላይታ ድቻ የጦና ንቦቹ። ነብሩን፣ አዞውን፣ ንቡን ባለቤቶቹ ራሳቸው ለጨዋታ አውጥተውታልና በልክ ብትነካካው የሚቆጣ የለም። ስሙ ላይ ስትደርስ ግን እጅህን ሰብስብ። የእኛ ሊግ ክለብ አብዛኛው የከተማ ወይም የሕዝብ ስም ነው የተሸከመው፤ አማካዩ ላይ የወረወርከው ቀልድ አጥር ዘሎ የሰው አገር፣ የሰው ቋንቋ፣ የሰው እናት ላይ ያርፋል። ጥላ ፎቁ የፈለገውን ይዘፍናል። የእሱ ነፋስ ይወስደዋል፣ የገጹ ግን አርማ አለበት። እንግዲህ ልጁ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ሲጽፍም በተጋጣሚ ከተማ ቀልዶ አያውቅም። የቀለደው በእኛ ነው።

ለደብዳቤው ምክንያት በሆነው ቀን የመጣብን ቡድን ተከላካዩ የሚያፈስ ስለነበር ልጁ «ደቻቱ ዛሬ በጎል ይሞላል» አለ። ካርዱን ሠራው፤ በወንዙ አሸዋ ላይ በውሃው ፋንታ ኳስ እየተንከባለለ ይወርዳል። ሥራው፣ ለእውነት ከሆነ፣ ያምር ነበር። 7 ሰዓት ላይ እንዲወጣ በቀጠሮ አስቀመጠና ያንኑ መስመር ለሜዳው አስተዋዋቂ በወረቀት ሰጠው፣ ቡድኖቹ ሲገቡ በድምጽ ማጉያ እንዲልለት።

ደቻቱ ድሬን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በ1998 ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሌሊት ሰው በተኛበት ወርዶ ከ200 በላይ ነፍስ ይዞ ሄደ። ልጁ የሚያውቀው አሸዋውን ነው።

አስተዋዋቂው ደግሞ በ1968 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ እዚሁ ድሬ ሲካሄድ፣ ናይጄሪያና ዛየር ሞሮኮና ሱዳን ሲጫወቱ፣ በልጅነቱ አጥር ዘሎ የገባ ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ መለሰለት።

«ይሄን በማይክ አልለውም።»

«ለምን ጋሼ? ረዘመብዎት?»

«አንተ በለኝ አቦ፣ ድሬ ነው ያለኸው። አልረዘመም።»

«ታዲያ?»

«በደቻቱ መሙላት እዚህ አይቀለድም።»

«ጎል ነው እኮ ያልኩት፣ ውሃ አላልኩም።»

«ውሃውን አንተ ባትለውም ሰው ራሱ ይጨምርበታል።»

ልጁ የጣሊያኑን ክለብ ሮማን በምሳሌነት ጠራ። የሮማ የእንግሊዝኛ ገጽ እንዲህ እንዲህ እያለ እየቀለደ ነው በዓለም የታወቀው አለ። ሽማግሌው «ይቀልድ» አለና ወደ ማጉያው ሽቦ ዞረ። ልጁ ያላነሳው የሮማን ሌላውን ግማሽ ነው። ያ ሁሉ ሲያስቀው የከረመው ገጽ እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት አዲስ ተጫዋች ባስፈረመ ቁጥር ከማስታወቂያው ጋር የጠፉ ሕፃናትን ፎቶ ያወጣ ነበር፤ ከልጆቹም የተገኙ አሉ። እነዚያ ሰዎች መቀለድ ብቻ ሳይሆን መቼ ዝም እንደሚባልም ያውቁ ነበር። ይህን ግን ያኔ የሚነግረው አልነበረም፤ ሽማግሌው ሮማን አያውቅ፣ ልጁ ሰዓት አልነበረው።

መስመሩ ከማይኩ ቀረ። ከገጹ ግን አልቀረም። ልጁ ቀልጠፍ ብሎ የቴሌግራሙን ቀጠሮ ሰረዘ፤ የፌስቡኩ ቀጠሮ የሚቀመጠው ለብቻው ነው፣ ሰዓቱም 7:00 ሳይሆን 13:00 ተብሎ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ 7 ሰዓት ሲፈልግ አጣውና የለም ብሎ ዘጋው። ካርዱ በሰዓቱ ወጣ።

የመጀመሪያው አስተያየት ስድብ አልነበረም። «የኛ ቤት እዚያ ነበር» ይላል። ነጥብ እንኳን የለውም። ከሱ ቀጥሎ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ በክለብ ገጽ ላይ አይታይም፣ ቢያንስ አንድ ሰው ትኬት ስንት ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ፎቶ ላይ የታተመ ጽሑፍ አይታረምም፤ ከፎቶው በላይ ያለውን መስመር ማስተካከል ይቻላል፣ ካርዱ ላይ ያለው ግን ያለው ነው። ስለዚህ ጠፋ። እስኪጠፋ ግን ፎቶ ተነስቶ በየግሩፑ ደርሷል። እዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ ነበር። አንዱ ሁለት መስመር ይቅርታ ይውጣ የሚል ነው፦ ምን እንደተባለ፣ እንደተነሳ፣ ይቅርታ። «ቅር ካሰኘናችሁ» የምትለዋ ሳትጨመር፤ እሷ ከገባች ይቅርታው ቅር መሰኘታቸውን ይጠራጠራል ማለት ነው። ሌላው ሐሳብ የአለቃ ነበር፦ «ነገሩን አታንሱት፣ ያላየው እንዳያየው።» የአለቃ ሐሳብ ጸደቀ። ጨዋታው እስኪጀመር ያላየውም ሰምቶ ነበር፤ የሰማው ደግሞ ካርዱ ላይ ያልነበረውን ጭምር ነው።

ኳሱ ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ያ የሚያፈስ ተከላካይ ያን ቀን አላፈሰም። ዳኛው ሲነፋ አስተዋዋቂው ማይኩን ከፈተ፤ ወትሮ ውጤቱን ነግሮ ስለ ቀጣዩ ጨዋታ ይናገርና ይዘጋል።

«ውጤት፣ ዜሮ ለዜሮ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ደቻቱም አሸዋ፣ እኛም አሸዋ። በሰላም ግቡ።»

ስታዲየሙ ሳቀ። ተበሳጭቶ ሲወጣ የነበረው ሕዝብ በየበሩ «ደቻቱም አሸዋ» እያለ እየተቀባበለ ነው የወጣው። ልጁ ከማጉያው አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ያው ወንዝ አይደል እንዴ ጋሼ?»

«ያው ነው» አለው ሽማግሌው፣ ሽቦውን በክንዱ እየጠቀለለ።

ሌላ አልጨመረም። ብዙ ሰው በኋላ ሊያብራራለት ሞክሯል፤ ደረቁ ደቻቱ የሁላችንም ነው፣ የሞላው የአንዳንዱ ሰው ነው ያለ አለ። ይህ ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፦ ያንኑ «ደቻቱም አሸዋ» ልጁ በዚያው ዕለት ገጹ ላይ ቢጽፈው ማንም ባልሳቀ ነበር። «ገና አልበቃችሁም?» ይባል ነበር። ቃሉን ያሳቀው ሽማግሌው ከጨዋታው በፊት አልልም ማለቱ ይሆን? ያንን ደግሞ ከማይኩ ሥር ከነበሩት በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ወይም ድምጹ ነው፤ ያ ድምጽ ድሬ ላይ ለዓመታት ተጫዋች ሲያስገባና ሲያስወጣ ኖሯል። ልጁ እዚያ ድምጽ ጋ ለመድረስ ጊዜው ነበረው፣ ቢተዉለት።

አልተዉለትም። ሰኞ ደብዳቤው ወጣ፤ «የክለቡን መልካም ስም በሚያጎድፍ መልኩ» ይላል። ካርዱን በቀጠሮ ሥርዓት የሚያሳልፍ ሁለተኛ ዓይን በቢሮው እንዳልነበረ ግን አይልም፤ ደብዳቤውን የፈረመው ሰው ያንን ሁለተኛ ዓይን መመደብ የነበረበት ሰው ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም። ለአስተዋዋቂው በስብሰባ ምስጋና ቀረበለት። እሱም ተነስቶ «ጽሑፉን የሰጠኝ ልጁ ነው» አለ፤ ደቻቱን ከልጁ ነው የወሰድኩት ለማለት ነበር፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ አልገባውምና አልጻፈውም።

ከዚያ ቅጽ መጣ። ማንኛውም «አዝናኝ ይዘት» ከመውጣቱ በፊት በሦስት ሰው ይፈረማል። በዕረፍት ሰዓት 15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ፊርማ ማግኘት ማለት ከፈራሚዎቹ አንዱ ክቡር ትሪቡን፣ አንዱ መልበሻ ቤት፣ አንዱ ስልኩን አጥፍቶ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ገጹ ወደ «በአቻ ውጤት አጠናቋል» ተመለሰ፣ የጎል ጽሑፉም ደቂቃና ስም ብቻ ሆነ።

ልጁ ቅጹን አንዴ ሞልቶታል። ተጋጣሚው ከደጋ የመጣ ስለነበር ስለ ድሬ ሙቀትና ስለ እኛው በረኛ ጓንት አንድ መስመር ነበረችው፤ ማንንም አትነካም። «የቀልዱ ዓላማ» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «ማሳቅ» ብሎ ጻፈ። ከጨዋታው በኋላ ባለው ማክሰኞ «ይብራራ» ተብሎ ተመለሰለት።